«ልቤ አልወደደም» ማለት መብት ነው፤ በሰው ላይ ስም መለጠፍ ግን በደል ነው



ስለ ትዳር በየመስጊዱና በየኒካሑ ቦታ ብዙ ይነገራል። የባልና የሚስት ሐቅ ይዘረዘራል፤ የመህር መናር ይወቀሳል፤ የሰርግ ወጪ ይኮነናል። ከዚህ ሁሉ በፊት ስለሚመጣው ጉዳይ፣ ማለትም ሰው ስለሚወደውና ስለማይወደው፣ ልቡን ስለሚስበውና ስለማይስበው ነገር ሲነሳ ግን አብዛኞቻችን አንገታችንን እንደፋለን። ጉዳዩ ከዲን የራቀና የሚያሳፍር ይመስለናል። ታላላቆቹ ሶሃባዎችና ሶሃቢያት ግን በዚሁ ጉዳይ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው በግልጽ ጠይቀዋል፤ ግልጽ መልስም አግኝተዋል። እነርሱ ያላፈሩበትን እኛ ማፈራችን ከሐያእ ብዛት ነውን? ወይስ ከእውቀት ማነስ?

ዝምታችን ሁለት ስህተቶችን አስከትሎብናል።

የመጀመሪያው ስህተት የልብን ዝንባሌ ጨርሶ እንደሌለ መቁጠር ነው። ልጅቱ «ይህን ሰው አልወደድኩትም» ስትል «ይሰግዳል፣ ይጾማል፣ ሥራ አለው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትባላለች። ወንዱም «ልቤ አልተቀበላትም» ሲል «የአባትህን ቃል ልታፈርስ ነው?» ይባላል። መውደድ ከኒካሕ በኋላ ይመጣል ተብሎ ነገሩ ይታለፋል። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥም ይመጣል። ያልመጣ እንደሆነ ግን ጣጣው የሚተርፈው ለሁለቱና ለሚወለዱት ልጆች ነው፤ ሽማግሌዎቹማ ሰርጉን በልተው ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ሁለተኛው ስህተት የራስን ዝንባሌ የሰው ሁሉ መለኪያ ማድረግ ነው። አንዱ ለራሱ ያልመረጣትን እህት «ቆሞ ቀር» ይላታል። ሌላው «ፈት ናት» ብሎ ይተዋታል። ሌላው «አረብ አገር የኖረች ናት» ይላል። የቆዳ ቀለምን፣ የአያትን ሙያ፣ የተወለዱበትን ብሔረሰብ እያነሳ ስም የሚያወጣውም ብዙ ነው። ሰውዬው «ምርጫዬ ነው» ይላል፤ በአፉ ግን ምርጫውን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ክብር ጭምር እየነካ ነው።

እነዚህን ሁለት ስህተቶች አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ዝንባሌ ከፍጥረት ነው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ሩም 21ኛ አንቀጽ ላይ ከተዓምራቱ መካከል አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ለሰዎች ከራሳቸው ዓይነት ጥንዶችን መፍጠሩን ነው። ዓላማውም ሰዎቹ ወደ ጥንዶቻቸው እንዲረጉ መሆኑን፣ በመካከላቸውም ውዴታንና እዝነትን ማድረጉን ይነግረናል። ልብ በሉ! ትዳር የተገለጸው በመርጋትና በመዋደድ ነው። አንዱ ሌላውን ሲያይ የሚጨነቅበት ቤት ይህ ዓላማ የጎደለው ቤት ነው።

የልብ ዝንባሌ በትእዛዝ የሚመጣና የሚሄድ አለመሆኑንም ቁርአን አስተምሮናል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 129ኛ አንቀጽ ላይ ከአንድ በላይ ሚስት ያለው ሰው ቢጓጓም እንኳ በሚስቶቹ መካከል ፍጹም ማስተካከል እንደማይችል ተነግሯል። ሙፈሲሮች ይህን ያብራሩት በልብ ውዴታ ነው። ሰውዬው የታዘዘው በሚችለው ነገር፣ ማለትም በቀለብ፣ በመኖሪያና በአዳር እንዲያስተካክል፣ አንዷንም እንደተንጠለጠለች አድርጎ እንዳይተዋት ነው። ስለዚህ ሸሪዓችን በልብ ውስጥ ያለውንና በእጅ የሚሠራውን ይለያል። ልብ ያዘነበለበት ብቻውን አያስጠይቅም፤ በዚያ ዝንባሌ ምክንያት በሰው ላይ የምናደርገው ግን ያስጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሳያዩ መጋባት ሱና አይደለም

ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) አንዲት ሴት ለማጨት ባሰበ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዶ እንዲያያት አዘዙት። ምክንያቱንም ሲገልጹ ማየቱ በመካከላቸው ስምምነትና ውዴታ እንዲዘልቅ የበለጠ የሚረዳ መሆኑን ነገሩት። ሐዲሱን ቲርሚዚ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። በኢብኑ ማጃህ ዘገባ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ሙጊራ ወደ ልጅቱ ቤት ሄዶ ጉዳዩን ሲያስረዳ ወላጆቿ ቅር ያላቸው መሰሉ። ልጅቱ ግን ከመጋረጃ ውስጥ ሆና ንግግሩን ትሰማ ነበርና፣ የአላህ መልእክተኛ አዘውህ እንደሆነ ተመልከት አለችው። አይቷት አገባት፤ ስለ ስምምነታቸውም ኋላ ተናገረ። የወላጆች ቅሬታ ዛሬ የተጀመረ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ነቢያዊው ትእዛዝ ከባህል ሐፍረት እንደሚቀድም የተረዳችውም ልጅቱ ነበረች።

በሙስሊም በተዘገበው ሌላ ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው የአንሷር ሴት ሊያገባ መሆኑን ሲናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይቷት እንደሆነ ጠየቁት። አለማየቱን ሲነግራቸው ሄዶ እንዲያያት አዘዙት፤ በአንሷሮች ዓይን ላይ አንድ ነገር መኖሩንም ነገሩት። ዑለማዎች ይህ ነገር የዓይን ማነስ ወይም ሌላ የመልክ ሁኔታ ሊሆን እንደሚችል አብራርተዋል። ረሱል ይህን የተናገሩት አንሷሮችን ለማነወር አልነበረም፤ አንሷሮች የመዲና ወዳጆቻቸው ነበሩ። ነገሩን የተናገሩት ሰውዬው ኋላ እንዳይጸጸት፣ ልጅቱም ከገባች በኋላ እንዳትጠላ ነው። መልክን ማየትና ልብ መፍቀዱን ማረጋገጥ ዓለማዊነት ቢሆን ኖሮ ነቢያችን ባላዘዙት ነበር።

ምን ያህል ይታያል በሚለው ላይ አብዛኞቹ ፉቀሃእ ፊትና እጅን ገድበዋል፤ ከዚያ ሰፋ ያደረጉትም አሉ። ለብቻ መገለል ግን በሁሉም ዘንድ ክልክል ነው። ሴቷም በበኩሏ የሚያጫትን ሰው የማየት መብት አላት፤ እሱን የሚስበው ነገር እንዳለ ሁሉ እሷንም የሚስባት ነገር አለና። ዛሬ ብዙዎች በስልክ በሚላክ ፎቶ ብቻ ይወስናሉ። ፎቶ ግን ይዋባል፤ አነጋገርን፣ አካሄድን፣ የፊት ገጽታን አያሳይም። በዚያ ላይ የላኩት ፎቶ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የእህት ገመና ይሆናል። ፎቶ የተላከለት ሰው አደራ እንደተቀበለ ይወቅ!

«አልፈልገውም» ያሉ ሴቶች ታሪክ

ከልብ ዝንባሌ ጋር በተያያዘ እንደ በሪራ ታሪክ የሚመስጥ ጥቂት ነው። በሪራ ባርያ ነበረች፤ እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነጻ አወጣቻት። ባሏ ሙጊስ ግን ገና ባርያ ነበር። በሸሪዓው መሠረት እንዲህ ያለችው ሴት ነጻ ስትወጣ ከባሏ ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ይሰጣታል። በሪራ መለየትን መረጠች። ሙጊስ እጅግ ይወዳት ነበርና በመዲና መንገዶች እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ ይከተላት ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው ለአጎታቸው ለዓባስ የሙጊስ መውደድና የበሪራ መጥላት እንደሚያስገርም ነገሩት። ከዚያም ብትመለስለት መልካም መሆኑን ለበሪራ ገለጹላት። እሷም ይህ ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። ረሱልም አማላጅ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት። እንግዲያውስ እንደማትፈልገው መለሰች። ነገሩም በዚሁ አበቃ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን ታሪክ ቆም ብለህ አስብበት። አማላጁ ከፍጥረት ሁሉ በላጩ ነቢይ ናቸው። አፍቃሪው በእንባ የሚታጠብ ሰው ነው። ሴቲቱ ትናንት ባርያ የነበረች ናት። ያም ሆኖ ማንም አልተቆጣትም፤ ማንም ልበ ደረቅ ብሎ ስም አላወጣላትም። የልቧ ጉዳይ የራሷ መሆኑ ታወቀላት። ዛሬ ሦስት ሽማግሌ ደጅ ስለመጣ ብቻ ልጁን «አዎ» እንድትል የሚያስገድድ አባት፣ ከረሱል ምልጃ የበለጠ ምልጃ ይዞ መጥቷልን?

ሁለተኛዋ የሳቢት ኢብኑ ቀይስ ሚስት ናት። ሳቢት የአንሷሮች ተናጋሪ የነበረ ትልቅ ሶሃባ ነው። ሚስቱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ በዲኑም ሆነ በጠባዩ እንደማትነቅፈው፣ ነገር ግን ከእርሱ ጋር ብትቆይ የትዳርን ሐቅ ማጉደል እንደምትፈራ ተናገረች። በአንዳንድ ዘገባዎች መልኩን እንዳልወደደችው ተገልጿል። ነቢዩ «ጥሩ ሰው አይደለምን?» ብለው አልገፏትም። መህር አድርጎ የሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልስለት እንደሆነ ጠየቋት፤ እሺ ስትል ሳቢት ቦታውን ተቀብሎ እንዲፈታት አዘዙት። ቡኻሪ የዘገበው ይህ ታሪክ የኹልዕ መሠረት ነው። ሁለት ጥሩ ሰዎች ጥሩ ባልና ሚስት ላይሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛዋ ኸንሳእ ቢንት ኺዛም ናት። ከዚህ ቀደም አግብታ የነበረች ሴት ስትሆን አባቷ ሳትፈልግ ዳራት። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባመለከተች ጊዜ ኒካሑን ሻሩት።

እርግጥ ነው፣ አባት ድንግል ልጁን ያለ ፈቃዷ መዳር ይችላል ወይ በሚለው ላይ የቀደምት ዑለማዎች ልዩነት አለ። በሻፊዒና በማሊኪ መዝሀብ የፈቀዱ አሉ፤ ቅድመ ሁኔታም አስቀምጠዋል። በሐነፊ መዝሀብ ለአካለ መጠን የደረሰችን ልጅ ማስገደድ አይቻልም፤ ኢብኑ ተይሚያም ወደዚሁ አዘንብለዋል። ሆኖም የድንግል ልጅ ፈቃድ እንደሚጠየቅ፣ ዝምታዋም ፈቃዷ እንደሆነ የሚያስተምረው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የጸና ነው። ዝምታዋ ፈቃድ ነው ማለት ሐፍረቷ ታሰበላት ማለት እንጂ እንባዋ አይቆጠርም ማለት አይደለም። የፈቀዱትም ቢሆኑ ማማከሩን የተወደደ አድርገውታል።

የሀገራችን ሕግም ቢሆን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህንኑ አጽንቶ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። ስለዚህ ልጁን አስገድዶ የሚድር ሰው ከአላህም ከሕግም ፊት ተጠያቂ መሆኑን አይዘንጋ።

ዝንባሌ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

እስካሁን የተናገርነው የመጀመሪያውን ስህተት ይመለከታል። አሁን ወደ ሁለተኛው እንሻገር። «ልብ የወደደውን ይወዳል፤ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል ወጣት ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ስለ ልቡ አይጠየቅም። ግን ልቡ ይህን ዝንባሌ ከየት እንዳገኘው ራሱን ቢጠይቅ አይከፋም።

በ456 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የአንደሉሱ ሊቅ ኢብኑ ሐዝም ስለ ፍቅር በጻፉት ታዋቂ ኪታባቸው የራሳቸውን ልምድ ይነግሩናል። በልጅነታቸው ያፈቀሯት ሴት ጸጉሯ ወርቅማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ጸጉር ያላት ሴት፣ ምንም ያህል ብታምር፣ ልባቸውን እንዳልሳበችው ይናገራሉ። ታላቅ ፈቂህ የነበሩት ሰው ይህን ሲጽፉ አላፈሩም። ዝንባሌያቸው በአንድ አጋጣሚ የበቀለ መሆኑንም ተረድተዋል። ወርቅማ ጸጉር በላጭ ነው የሚል ድንጋጌ ግን አላወጡም።

የእኛስ ዝንባሌ ከየት በቀለ? በከተሞቻችን «ቀይ ልጅ ፈልጉልኝ» የሚለው ጥያቄ ከሽማግሌ ጆሮ አይጠፋም። ይህ ጣዕም ከፊሉ ከቤተሰብ አነጋገር፣ ከፊሉ ከፊልምና ከማስታወቂያ የተቀዳ ነው። ውጤቱንም በገበያ እናየዋለን። ቆዳ ያቀላሉ የሚባሉ ቅባቶች በየሱቁ ይሸጣሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ያለባቸው ሲሆን ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። አንዲት እህት አላህ የሰጣትን ቆዳ በገንዘቧ እየላጠች ጤናዋን የምታጣው፣ እኛ ወንዶቹ ጣዕማችንን ሕግ ስላደረግነው አይደለምን?

ዝንባሌ ሊለወጥ እንደሚችልም የፋጢማ ቢንት ቀይስ ታሪክ ያስተምረናል። ይህች የቁረይሽ ሴት ዒዳዋን ስትጨርስ ሙዓዊያና አቡ ጀህም አጯት። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስታማክር ሙዓዊያ ገንዘብ የሌለው ድኻ መሆኑን፣ አቡ ጀህምም በትሩን ከትከሻው የማያወርድ መሆኑን ነግረው ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን እንድታገባ መከሯት። ኡሳማ የነጻ ወጣ ባርያ ልጅ ነው፤ እናቱ ኡሙ አይመን ሐበሻ ነበረች፤ መልኩም ጥቁር ነበር። ፋጢማ መጀመሪያ አልወደደችውም። በምክሩ ተቀብላ ካገባችው በኋላ ግን አላህ በትዳሩ መልካም እንዳደረገላትና ሌሎች ሴቶች እስኪቀኑባት ድረስ እንደደረሰች ራሷ ተናግራለች።

ይህ ታሪክ ከበሪራ ታሪክ ጋር ይጋጫልን? አይጋጭም። ለበሪራም ምልጃ፣ ለፋጢማም ምክር ቀረበ፤ ሁለቱም አልተገደዱም። አንዷ ልቧን መርምራ እምቢ አለች፤ ሌላዋ ልቧን መርምራ ሐሳቧን ለወጠች። ከወጣቶቻችን የምንጠይቀውም ይኸንኑ ነው። «አልወደድኩም» ከማለታችሁ በፊት ያልወደዳችሁት ሰውየውን ነው ወይስ ሰዎች ስለ እርሱ ዘር፣ ቀለምና ሙያ ያወሩላችሁን? ይህን ለዩ።

ሴት ለገንዘቧ፣ ለዘሯ፣ ለውበቷና ለዲኗ እንደምትገባ የሚናገረውና ባለ ዲኗን ምረጥ የሚለው ታዋቂ ሐዲስም ውበትን አልሰረዘም። ቅደም ተከተል አስይዟል። በአባባላችን መልክ ታጥቦ አይጠጣም እንደሚባለው፣ ዲንና አኽላቅ የሌለበት ውበት ቤት አያቆምም።

ስም መለጠፍ ለምን በደል ሆነ?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አል-ሁጁራት 11ኛ አንቀጽ ወንዶች በወንዶች ላይ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ቅጽል ስሞችም እንዳይጠራሩ ከልክሏል። የሚሳለቁባቸው ሰዎች ከሚሳለቁት የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉም አስታውሷል። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ጥቁረት በነወረው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በውስጡ ጃሂሊያ ያለበት ሰው መሆኑን ነገሩት። አቡ ዘር ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ ነው። እንዲህ ላለው ሰው አንዲት ቃል ይህን ያህል ካስወቀሰችው እኛ በየሰርጉ የምንወረውረው ቃል ምን ያህል ይከብድ ይሆን?

በአካባቢያችን በብዛት የሚለጠፉትን ስሞች እንመርምር።

አንደኛ፣ «ቆሞ ቀር»። አንዲት እህት 30 ዓመት ካለፋት ይህ ስም ይከተላታል። በመጠሪያው ውስጥ የእርሷ ታሪክ የለም። ምናልባት እናቷን ታስታምም ነበር፤ ምናልባት የመጡት ሰዎች ልቧን አልሞሉትም፤ ምናልባት ትዳር አልፈለገችም። በኢስላም ታሪክ ሳያገቡ የኖሩ ታላላቅ ዑለማዎች አሉ፤ ኢማም ነወዊና ኢብኑ ተይሚያ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሴቶችም በ463 ዓመተ ሂጅራ መካ ላይ የሞቱት ከሪማ አል-መርወዚያ አሉ። ከሪማ ሳያገቡ ኖረው ሰሒሕ አል-ቡኻሪን ያስተማሩ ምሑር ሲሆኑ፣ የባግዳዱ ታላቅ የሐዲስ ሊቅ አል-ኸጢብ ሳይቀር ከእርሳቸው ዘንድ ቀርበው ቀርተዋል። ትዳር የነቢያት ሱና መሆኑ አያጠያይቅም። ያላገባን ሰው ማዋረድ ግን የማንም ሱና አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ፈት»። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚስቶች መካከል ከእመት ዓኢሻ በቀር ሁሉም ከዚያ በፊት አግብተው የነበሩ ናቸው። እመት ኸዲጃ (ረ.ዐ) በዕድሜ ትበልጣቸው ነበር፤ የጋብቻውን ሐሳብ ያመነጨችውም እርሷ ናት። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ ወጣት ሳለ ከዚህ ቀደም ያገባች ሴት ባገባ ጊዜ ነቢዩ ድንግል ያላገባበትን ምክንያት ጠየቁት። እርሱም አባቱ በኡሑድ መሞታቸውን፣ ትናንሽ እህቶቹን የምታሳድግለት በሳል ሴት መፈለጉን ሲነግራቸው ምርጫውን አጸደቁለት። የአንዱ ምርጫ ከሌላው ሁኔታ ጋር እንደማይገጥም ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ሦስተኛ፣ «አረብ አገር የኖረች»። በቤይሩት፣ በጂዳ፣ በዱባይ ሰው ቤት ሠርተው ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ፣ ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ እህቶች ስንት ናቸው! ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ በመለሰች ጊዜ ከተመላሾቹ መካከል እንዲህ ያሉ ብዙ እህቶች ነበሩ። ገንዘቧን ሲበላ ያላፈረ ሰፈር፣ ስትመለስ «እዚያ ምን ስትሠራ እንደነበር ማን ያውቃል?» ይላል። ይህ ምርጫ አይደለም፤ ያለ ምስክር ክብርን መንካት ነው። በሱረቱ አን-ኑር ንጹሕ ሴቶችን በዝሙት በሚያሙና አራት ምስክር በማያቀርቡ ላይ ምን ያህል ከባድ ቅጣት እንደተደነገገ ሁላችንም እናውቃለን።

አራተኛ፣ የዘርና የሙያ ስም። «ቀጥቃጭ»፣ «ሸማኔ» እየተባለ ኒካሕ የሚፈርስበት ጊዜ አለ። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት የተገራላቸውና የጦር ልብስ የሚሠሩ መሆናቸውን በቁርአን የምናነብ ሰዎች የብረት ሠሪን ልጅ እንንቃለንን?

ታዲያ ስለ አጭ ምንም አይነገርምን?

እዚህ ላይ «ስም አትለጥፉ ካላችሁ፣ ስለሚመጣው ሰው ሲጠይቁን ዝም እንበልን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢማም ነወዊ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ስለ ጋብቻ መመካከርን ጨምረዋል። ከላይ ያየነው የፋጢማ ቢንት ቀይስ ሐዲስም ማስረጃ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሁለቱ ሰዎች የተናገሩት ስትጠይቃቸው ነው። የተናገሩትም ለትዳሩ የሚያስፈልገውን ነው፤ የአንዱን ድህነትና የሌላውን ተማቺነት። ጉዳዩ ለማይመለከተው አልነገሩም። አንድ ሰው ሚስቱን ይደበድብ እንደነበር እያወቀ «ጥሩ ሰው ነው» የሚል አማካሪ አደራ በልቷል። «የእገሌ ዘር ነው»፣ «ፈት ናት» እያለ ሳይጠየቅ የሚያወራው ግን አማካሪ ሳይሆን ሐሜተኛ ነው። ለምክር የሚነገር ነገር በሰውየው ሥራ ላይ ያተኩራል፤ የሚለጠፍ ስም ደግሞ ሰውየው ባልሠራው ወይም ሊለውጠው በማይችለው ነገር ላይ ይንጠለጠላል።

ምን እናድርግ?

1. ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ጠይቁ፤ መልሱንም ስሙ። «አልወደድኩም» የሚለው ቃል ምክንያት ባይኖረውም እንኳ ሊከበር ይገባል። ልትመክሩ ትችላላችሁ፤ ከምልጃ አልፋችሁ ግን አታስገድዱ። በሌላ በኩል በዲኑና በጠባዩ የወደደችውን ሰው በዘሩ ወይም በኪሱ ሰበብ አትከልክሏት። የመዕቂል ኢብኑ የሳር እህት ወደ ቀድሞ ባሏ መመለስ ስትፈልግ ወንድሟ በከለከላት ጊዜ በሱረቱ አል-በቀራ 232ኛ አንቀጽ ወርዶ መዕቂል ክልከላውን ትቷል።

2. ወንድሞች ሆይ፣ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ፈልጉ፤ መልክም ቢሆን። ካልወደዳችሁ ግን በጨዋ ቃል ተሰናበቱ። «አልተስማማንም» ማለት ይበቃል። የተመለከታችሁትን ጉድለት በየቡና ቤቱ ማውራት በአደራ ላይ የተፈጸመ ክሕደት ነው። ዛሬ የተዋችኋት ነገ የሌላው የዓይን ማረፊያ ናት።

3. እህቶች ሆይ፣ «ቆሞ ቀር» የሚለውን ስም ፈርታችሁ ልባችሁ ወዳልፈቀደው ቤት አትግቡ። ስሙ የሰው አፍ ነው፤ ትዳሩ ግን የእናንተ ዕድሜ ነው። የምትፈሩት ነገር ካለ ለወሊያችሁ ወይም ለምታምኗቸው ዓሊም ተናገሩ።

4. ሽማግሌዎችና አገናኞች ሆይ፣ ሁለቱን ሰዎች በሥርዓት እንዲተያዩና እንዲነጋገሩ አድርጉ። የሰማችሁትን ምሥጢር ጠብቁ። የእናንተ ውለታ የሚለካው ባሠራችሁት ኒካሕ ብዛት አይደለም፤ ከኒካሑ በኋላ በተገኘው ሰላም ነው።

ወገኖቼ! በሪራ ሙጊስን አልወደደችውም። ይሁንና በታሪካችን ውስጥ ሙጊስ «የተጣለ» ተብሎ አይነሳም፤ በሪራም «ጨካኝ» ተብላ አትነሳም። ሁለቱም ከነስማቸው፣ ረዲየላሁ ዓንሁማ እየተባለላቸው ይኖራሉ። አንዱ ሌላውን አለመምረጡ የማንንም ክብር እንዳልቀነሰ ሶሃባዎች ተረድተውት ነበር። እኛም በየቤታችን፣ በየሰፈራችን፣ በየመስጊዳችን ይህን ብንረዳ፣ በፍርሃት የሚገባበት ትዳር ይቀንሳል፤ በስም የሚሰበር ልብም ይቀንሳል።

አላህ ልቦቻችንን በመልካም ነገር ላይ ያስማማልን፤ ምላሳችንንም ከሰው ክብር ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።